በቀኝ በኩል፣ ከክንፉ ኋላ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የምትበሩ ከሆነ ቀኙን ያዙ፤ ስትመለሱ ግራውን። ይህን ምክር ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ስናገር ኖሬያለሁ። ምክንያቴ ጫንጮ ናት። እርግጥ በዚያ በኩል ሌላም ብዙ የሚታይ አለ፤ የደርባ ገደል አለ፣ ደብረ ሊባኖስ አለ፣ ወደ መጨረሻው ጢስ ዓባይ አለ። እኔ ግን ወንበር መምረጥ የጀመርኩት ያደግሁባትን ከተማ ከላይ ላያት ብዬ ነው፤ የቀረው ሁሉ በእሷ ምክንያት የመጣ ነው።

ጫንጮ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጎጃም መንገድ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታን ያለፈ መንገደኛ ግራና ቀኙ ሜዳ ይሆንለታል። ይህ ሜዳ በክረምት ውሃ ያቁራል። መስከረም ሲጠባ ሣሩ የልጅ ወገብ ይደርሳል፤ በጥቅምትና በኅዳር ታጭዶ ድርቆሽ ይሆንና በአይሱዙ እየተጫነ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል። ወተቱም ገና ሳይነጋ በዚያው መንገድ ይሄዳል። በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገርና ከብት የምንጠብቅ ልጆች እግራችንን የምናሞቀው ላሟ ተኝታ በተነሳችበት ቦታ ላይ በመቆም ነበር።

በዚያ ሜዳ ላይ ቆመን የምናየው ሁለት ነገር ነበር፤ መንገዱንና ሰማዩን። በመንገዱ የጎጃም አውቶቡስ ያልፋል። በሰማዩ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ፕሮፔለር ያለው አውሮፕላን። ድምፁ ቀድሞ ከእንጦጦ ጀርባ ይመጣል፤ ከዚያ አንዱ ልጅ በኦሮምኛ «ጢያራ!» ብሎ ሲጮህ ሁላችንም አንገታችንን እናቀናለን። እየዋለ እያደረ የአውሮፕላኖቹን መንገድ ለየን። ወደ ምዕራብ ትንሽ ዘንበል ብሎ የሚያልፈው ባሕር ዳር ወይም ጎንደር የሚሄደው ነው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን የሚወጣው ደግሞ ላሊበላ። ይህን ያስተማሩን ጎረቤታችን የነበሩ፣ በጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ነበር የሚላቸው።

ጋሼ በወጣትነታቸው ጎሬ ተመድበው ያስተማሩ ሰው ናቸው። የሄዱት ዳኮታ በሚባለው አውሮፕላን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ የያዛቸው አውሮፕላኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ የወታደር ማጓጓዣዎች ነበሩ። ወንበራቸው በግድግዳው ዙሪያ የተዘረጋ አግዳሚ ነበር፤ መንገደኛው ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጣል፣ መሃሉ ላይ ጭነቱ ይታሰራል። «መስኮቱ ከጀርባችን ነበር» ይሉን ነበር ጋሼ። «አገር ለማየት አንገትህን ጠምዝዘህ ነው። ጎሬ ስደርስ ለሁለት ቀን አንገቴን ማዞር አቃተኝ፤ ግን አየሁ። ጫካውን አየሁ።» ያ ጫካ በእሳቸው አፍ ዳርቻ አልነበረውም፤ ሲያወሩት እጃቸው ጠረጴዛው ላይ እየሄደ እየሄደ ጠርዙን ያልፋል። ከእሳቸው የቀረልኝ ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። ሰው አንገቱን እስኪያመው ድረስ አገሩን ማየት ይፈልጋል።

እኔ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳፈርኩት በ1990ዎቹ ነው፤ ለሥራ፣ ወደ ባሕር ዳር። ጊዜው የፎከር 50 ነበር። ከመሄዴ በፊት የነበረው እሑድ ጫንጮ ወርጄ ለእናቴ ነገርኳት።

«በኛ ላይ ነው የምታልፈው?» አለችኝ።

«በኛ ላይ ነው።»

«እንግዲያው ነጩን ጋቢ አጥሩ ላይ አሰጣዋለሁ። በየት በኩል ነው የምትቀመጠው?»

እሷ እስክትጠይቀኝ ድረስ ወገን እንዳለው አላሰብኩም ነበር። ጓሮ ወጥተን ቆምን። አውሮፕላኑ ከእንጦጦ ብቅ ብሎ ከቤታችን በስተምዕራብ አልፎ ወደ ደርባ ማዶ ይሄዳል። ፊቱን ወደዚያ አድርጎ ለተቀመጠ ሰው እኛ በቀኝ እጁ ነን። እናቴ በእጇ አየሩን እየቀዘፈች ሁለት ሦስት ጊዜ ካስተካከለች በኋላ «ቀኝ» ብላ ፈረደች።

ቦሌ ላይ የመሳፈሪያ ወረቀት የምትሰጠው ልጅ «መስኮት ይፈልጋሉ?» ስትለኝ «መስኮት፣ በቀኝ በኩል፣ ከክንፉ ኋላ» አልኳት። ከክንፉ ኋላ ማለትን የነገረኝ ብዙ የበረረ የሥራ ባልደረባዬ ነበር፤ ትክክለኛ ምክር ነበር። ፎከር 50 ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ነው፤ በ2002 ዓ.ም. መምጣት የጀመረው ኪው 400ም እንደዚያው ነው። ክንፉ ራሱ ወደ ታች አያግድም፤ የሚያግደው ከክንፉ ሥር የተንጠለጠለው ሞተር ነው። ጎማውም የሚታጠፈው እዚያው ሞተሩ ውስጥ ነው። መሃል ላይ የተቀመጠ መንገደኛ ከመሬቱ ይልቅ ሞተሩን ሲያይ ይውላል። ኋላ የተቀመጠ ግን ጎማው ሲገባ ያያል፣ ክዳኖቹ ሲዘጉ ያያል፣ ከዚያ በኋላ ከእሱና ከመሬቱ መካከል የሚገባ ነገር የለም።

የቦሌ ማኮብኮቢያ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋ ነው። የዚያን ዕለት ወደ ምሥራቅ ተነሳንና ወዲያው ወደ ግራ ታጠፍን። አውሮፕላን ወደ ግራ ሲታጠፍ የቀኝ መስኮት ወደ ላይ ይነሳል። ከተማው በሙሉ በግራዎቹ በኩል ሲያልፍ እኔ ሰማይ ብቻ አያለሁ። ግራዎቹ «ያ ስታዲየሙ አይደል?» ይባባላሉ። ቀና ብሎ ሲስተካከል ግን እንጦጦ ከነባሕር ዛፉ ከሥሬ ነበር።

ስለ እንጦጦ በትምህርት ቤት የተማርኩትን አንድ ነገር የዚያን ዕለት በዓይኔ አየሁት። ያ ተራራ ውሃ ከፋይ ነው። በደቡብ ጎኑ የሚወርደው ዝናብ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አፋር ውስጥ ይቀራል። በሰሜን ጎኑ የሚወርደው በእኛ ሜዳ ያልፍና በሙገር በኩል ዓባይ ይገባል። አንድ ዓይነት ደመና ያዘነበው ዝናብ፣ ተራራው ጫፍ ላይ ጥቂት ክንድ ያህል በመራራቁ ብቻ አንዱ በረሃ ይቀራል፤ ሌላው ሱዳንን አቋርጦ ግብፅ ይደርሳል። ከሥር ሆኜ ስሰማው ዝም ብሎ የጂኦግራፊ ትምህርት ነበር።

ከዚያ ሜዳው መጣ፤ ከዚያ ጫንጮ። አስፋልቱ፣ ወደ ደርባ የሚገነጠለው መንገድ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ከፀሐዩ ጋር እየተጋጨ። ጋቢው አልታየኝም፤ ከዚያ ከፍታ ጋቢ አይታይም። ነገር ግን ግቢያችንን ለየሁት፤ ባሕር ዛፎቹን በመቁጠር ነበር የለየሁት። በኋላ ደውዬ ስነግራት እናቴ «እኔ ግን አይቼሃለሁ» አለችኝ፤ እኔም ተቀበልኩ።

ከሁሉ የደነቀኝ ግን የመጣው ከጫንጮ ቀጥሎ ነው። በሜዳችን የሚያልፍ ሲቢሉ የሚባል ወንዝ አለ። ከብት ያጠጣንበት፣ ልብስ ያጠብንበት፣ በክረምት ሲሞላ የተከለከልንበት ወንዝ ነው። ልጅ ሆነን ወዴት እንደሚሄድ አንጠይቅም ነበር፤ ከሜዳው ማዶ ይሄዳል፣ አለቀ። ከላይ ሆኜ ተከተልኩት። ሜዳውን እየተጠማዘዘ ሄደ፣ ሄደ፣ ከዚያ ሜዳው እንደ ተቆረሰ ዳቦ በድንገት ተቆርጦ ቀረ። ከሥሩ የሙገር ገደል ነው። ያ ከዳር እስከ ዳር ለጥ ያለ የመሰለኝ አገር ዳር ነበረው፤ ልጅነቴን ያሳለፍኩት ከገደል ጫፍ ብዙም ሳልርቅ ነው። ለካ ያ የከብት መጠጫ ውሃ በዚህ ወርዶ ነው ሙገር የሚሆነው፣ ሙገርም እየጠለቀ ሄዶ ነው ዓባይን የሚያገኘው። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ጋዜጣ ያነቡ ነበር። ትከሻቸውን ይዤ «እዩ!» ማለት ቃጣኝ።

ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ዓባይ ራሱ መጣ። ይህን ገደል በአውቶቡስ የወረደ ሰው ያውቀዋል። ከጎሐ ጽዮን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን አልፎ፣ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን መውጣት ነው። ጆሮ ይደፈናል፣ ብርዱ ወደ ሙቀት ይለወጣል፣ የከባድ መኪና ፍሬን ይሸታል። ከላይ ሲታይ የሚገርመው ግን ጥልቀቱ ሳይሆን ቀለሙ ነው። ከላይ ጥቁሩ ባዛልት፣ ከሥሩ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰሙ፣ ወደ ታች ቀዩ የአሸዋ ድንጋይ፤ እርከን በእርከን ተደርድሮ ይታያል። ደርባ ላይ ሲሚንቶ ፋብሪካ የቆመው በዚሁ በኖራ ድንጋዩ ምክንያት ነው። አዲስ አበባን ወደ ላይ ያስረዘማት ሲሚንቶ ከሙገር ገደል ግድግዳ የተፈለጠ መሆኑን የሚያስብ ብዙ አይመስለኝም፤ ፎቆቹንና ገደሉን በአንድ ጠዋት ያየ ሰው ግን ሳያስብ አይቀርም።

ከዓባይ ወዲያ የጮቄ ተራራ አለ፤ ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ እስከ ትከሻው ድረስ ታርሷል። ከጮቄ በኋላ አውሮፕላኑ ዝቅ ማለት ሲጀምር በቀኝ በኩል ጢስ ዓባይን መፈለግ ነው። መስከረም ላይ ጉሙ ከሩቅ ይታያል። በበጋ ግን ቀጭን ክር ነው የሚቀረው፤ በተለይ ሁለተኛው የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ አብዛኛው ውሃ በቦዩ ስለሚሄድ ፏፏቴውን ለማግኘት ገደሉን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ወንበር ሲመረጥ ፀሐይንም ማሰብ ደግ ነው። ጠዋት ወደ ሰሜን ሲበሩ ፀሐይ በቀኝ ናት፤ ፊት ለፊት ትገባና መስኮቱ ላይ ያለውን ጭረት ሁሉ ታበራዋለች። በግራ የተቀመጠ ሰው ፀሐይ ከጀርባው ስለሆነች የእያንዳንዱን ኮረብታ ጥላ አጥርቶ ያያል። ስለዚህ ለፎቶግራፍ የሚሻለው ግራ ነው፤ ይህን የሚሉኝን አልከራከራቸውም። ከወር ደግሞ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለውን የሚያህል የለም። ዝናቡ አየሩን አጥቦታል፣ መሬቱ አረንጓዴ ነው፣ የአደይ አበባው ቢጫ ከላይም ይለያል። የካቲትና መጋቢት ላይ አቧራና የማሳ ጭስ አገሩን ይጋርደዋል። በሐምሌ ደግሞ ከደመና በቀር የሚታይ የለም፤ ደመናው ግን አንዳንዴ በጮቄ ጫፍ ላይ ሲሰነጠቅ የሚያሳየው ገብስ ማሳ ለዓመት የሚበቃ ነው።

አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር ስመለስ በግራ መስኮት ተቀምጬ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ከአዴት ገጠር የመጡ፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ አዲስ አበባ የሚሄዱ፣ አውሮፕላን ተሳፍረው የማያውቁ ነበሩ። ቀበቷቸውን አስሬላቸው፣ ገና ሳንነሳ ዓይናቸው በእኔ ትከሻ ላይ አልፎ መስኮቱ ጋ ደርሶ ነበር።

«እማማ፣ ወዲህ ይምጡ» ብዬ ተነሳሁላቸው።

«ኧረ ተወኝ ልጄ፣ ቦታህን ልቀማህ?»

«እኔ አገሩን አይቼዋለሁ።»

ተቀመጡ። አውሮፕላኑ ሲነሳ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ስሙን የማልጠቅሰውን መልአክ ጠሩ፤ ከዚያ ሲገልጡ እኔን ረሱኝ። ግንባራቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው ለረጅም ጊዜ ምንም አላሉም። በኋላ ጣታቸውን አነሱ። «ያቺ ጊዮርጊስ ናት። የኛ ጊዮርጊስ ናት ያቺ።» በትከሻቸው በኩል አየሁ። በታረሰው ቡናማ መሬት መካከል ክብ የሆነ ጥቁር አረንጓዴ ደን፣ መሃሉ ላይ የሚያብለጨልጭ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ። ዓይኔ እስከደረሰበት ዙሪያውን እንዲያ ያለ ብዙ ክብ ነበር፤ ለእኔ ሁሉም አንድ ነው። እሳቸው ግን በስተደቡብ ያለውን ገደል፣ ከደኑ የምትወርደውን ጅረት፣ የወንድማቸውን ማሳ እየጠሩ አረጋገጡልኝ። መንደራቸውን የለዩት በቤታቸው አልነበረም፤ በደብራቸው ዛፍ ነው።

እነዚህ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ከአየር ሲታዩ የሚናገሩት ነገር ከባድ ነው። በደቡብ ጎንደር ያሉትን ለብዙ ዓመታት ያጠናው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ነው። ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ላውማን ጋር ሆኖ ደኖቹ በድንጋይ ካብ እንዲታጠሩ ሠርቷል። ጽዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው፣ ዝግባው የቀረው በአብዛኛው እነዚህ ቅጥሮች ውስጥ ነው። ከመሬት ሲታይ ደኑ ትልቅ ነው፤ ሰው ገብቶ ይጠፋበታል። ከላይ ሲታይ ግን ዙሪያው ምን ያህል እንደተራቆተ ነው የሚታየው። ይህን ማንም ሹም፣ ማንም ተማሪ ቢያንስ አንዴ ከመስኮት ቢያየው ብዬ እመኛለሁ።

የዓባይ ገደል ላይ ስንደርስ እኒያ እናት ወደ እኔ ዞሩ። «አባቴ በበቅሎ የተሻገረው ይሄንን ነው?» አሉኝ። ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሲያወራ የሚዋሽ ይመስለን ነበር» አሉና ተመልሰው መስኮቱን ያዙ።

ወደ ሌላው አገር ሲበር ወገኑ ይለያያል። በቀጥታ ወደ ጎንደር የሚሄድ ግራውን ቢይዝ ጣናን ያገኛል፤ ወንዞቹ የሚገቡበት አካባቢ ውሃው ደፍርሶ፣ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ደግሞ እምቦጩ እንደ መስክ ለምልሞ ይታያል፤ የሚያሳዝን ልምላሜ ነው። ከጎንደር አክሱም ስንበር ደግሞ ቀኙ የራስ ደጀን ነበር። ሰሜን ተራሮች በ1978 እ.ኤ.አ. ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ ነበሩ፤ እነዚያን ሾጣጣ አምባዎች ከላይ ያየ ሰው ምስክር አያስፈልገውም።

በዓመታት ውስጥ ከዚያው መስኮት ጫንጮን ደጋግሜ ሳያት አገሩ ሲለወጥ አየሁ። መጀመሪያ በሱሉልታና በጫንጮ መካከል ያለው ሁሉ ሣር ነበር። ከዚያ በመንገዱ ዳርና ዳር ቆርቆሮ ተደረደረ፣ መጋዘንና የውሃ ፋብሪካ ቆመ፣ የቀነኒሳ በቀለ የሩጫ መም ከሣሩ መካከል ሞላላ ሆኖ ብቅ አለ። ሱሉልታ ከቡራዩና ከሰበታ ጋር በሸገር ከተማ ሥር ገባች። ድርቆሹ የሚታጨድበት ሜዳ ዓመት በዓመት ጠበበ። መሬት ላይ ሆኜ ባየው ይህን ያህል አይታወቀኝም ነበር፤ ዛሬ አንድ ቤት፣ ነገ አንድ አጥር ነው። ከላይ ግን ካለፈው ዓመት ጋር ይነጻጸራል። የምቆጥራቸው ባሕር ዛፎችም ተቆርጠው ስላለቁ ግቢያችንን የማገኘው ከደርባው መገንጠያ እየለካሁ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በጸጥታው ችግር ምክንያት የጎጃም መንገድ አስጊ ሲሆን፣ በአውቶቡስ ያልፉ የነበሩት የጫንጮ ነጋዴዎችም አቅማቸው እየተፈተነ በአውሮፕላን መሄድ ጀመሩ። ለነጋዴዎቹ ወንበር ስመርጥላቸው ደስታዬ የተሟላ አይደለም። ጎሐ ጽዮን ላይ ወርደው ሻይ የሚጠጡበት፣ ደጀን ላይ ምሳ የሚበሉበት መንገድ ሰላም ሆኖ፣ መስኮቱ በፈቃዳቸው የሚመርጡት ቢሆን ነበር የምወደው።

የእህቴ ልጅ አምና አርባ ምንጭ ሥራ አገኘች። ከመሄዷ በፊት ወረቀት ላይ መንገዱን ሥዬ ሰጠኋት፤ ግራ፣ ከክንፉ ኋላ። ዝዋይ ርቃ፣ ከዚያ ላንጋኖ ደፍርሳ፣ አቢጃታ ከነነጭ ዳርቻዋ፣ ሻላ ጠልቃ ጠቁራ። አቢጃታ ከዓመት ዓመት እየሸሸች ስለሆነ የነጩን ስፋት ልብ እንድትል ነገርኳት። ደርሳ ስትደውል ግን ያስጨነቃት ሌላ ነበር።

«ጋሼ፣ ሁለት ሐይቅ ጎን ለጎን ተኝቶ አባያ ብቻ ለምንድነው የቀላው?»

በአባያና በጫሞ መካከል ያለው የእግዜር ድልድይ የሚሉት ቀጭን ሸንተረር መሆኑን፣ አባያ ከደጋው ታጥቦ የሚመጣው ደቃቅ አፈር ሳይዘቅጥ ተንሳፍፎ ስለሚኖርበት እንደዚያ እንደሚሆን የማውቀውን ነገርኳት። አላመነችም። ሐይቁ ዳር ወርዳ ውሃውን በጠርሙስ ቀድታ ቤቷ አስቀመጠችው፤ ቀናት አልፈውም አልጠራም። ከዚያ በኋላ አፈሩ ከየት እንደሚመጣ ስትጠይቅ ብላቴ የሚባለውን ወንዝ አሳወቋት። ለፋሲካ ስትመጣ ወንዙ ሐይቁን የሚገባበትን ቦታ ለማየት ቀኝ መስኮት አስይዛለች፤ የጠዋቱ በረራ ይሻላል ወይስ የከሰዓቱ ብላ ትናንት ማታ ደውላልኝ ነበር፤ ከሰዓት ፀሐይዋ ከጀርባሽ ትሆናለች አልኳት።